ከኩባ የመጣችው አክስቴና የተሸከመችው ድንጋይ

ትናንት ከሰዓት መንገድ ተዘግቷል ተብሎ ታክሲው አለም ገና ላይ አወረደን። እኔ፣ የማላውቃት አክስቴና አንድ ትልቅ ሻንጣ... ወደ ሰበታ በእግር!

(በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ ሰሞኑን አካባቢያችን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኔትወርክ የተመለሰልን ገና ዛሬ ነው።)

የማላውቃት ስል እውነቴን ነው። ጫልቱ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ድሬዳዋ ድሬሰር ሆና ስትሠራ፣ ሊያግዘን ከመጣው የኩባ ጦር አንዱን ወታደር ወዳ አገባችውና አገሩ ሄደች። እኛ ቤት ስሟ ከተነሳ ወሬ ይቀየራል። አሁን ባሏ ሞቶ ብቻዋን ስትቀር በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችኝ። ቦሌ የተቀበልኳት ትናንት ጠዋት ነው። ለእማዬ እንዳልነግራት አስምላኛለች።

«ሻንጣውን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳት።

«ስጪኝ በይኝ። የእናትሽ እህት እኮ ነኝ።»

አማርኛዋ አልጠፋባትም፣ ብቻ የድሮ ነው። መንገድ ላይ የቆመውን ፌደራል ፖሊስ «ጓድ» ስትለው በድንጋጤ ልሞት ነበር።

ትንሽ እንደሄድን እንዴት እንደወደደችው ጠየቅኳት።

«እጁን ቆስሎ መጣ። ፋሻ ስጠመጥምለት ሕመምን በአማርኛ ምን እንደምንለው ጠየቀኝ። 'ያማል' ነው አልኩት። ከዚያ ቁስሉ ከዳነም በኋላ እየመጣ 'ያማል... ያማል' ይለኝ ጀመር።»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ታጭቼ ነበር እኮ። ሽማግሌ መጥቶ፣ አባባ ቃል ሰጥቶ ነበር። እኔ ግን ጠፋሁ። በኋላ ከዚህ ለትምህርት ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዷ የሰበታ ልጅ ሆና አገኘኋት። 'አባትሽ አንቺን ልጄ አይደለችም ብለው፣ ቃላቸው እንዳይፈርስ ታናሽሽን በአንቺ ቦታ ዳሯት' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደስ ባለኝ ቁጥር እናትሽ ፊቴ ድቅን ትላለች። ሕይወቷን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ያ እጮኛ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ቶሎሳ ነው። ተበላሸ የምትለው ሕይወት ውስጥ እኔና ወንድሞቼ አለንበት...

ከፊታችን ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ቆመዋል። እኔ ወደኋላ አልኩ። እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» ብላ ሰላም አለቻቸው። በአክብሮት መለሱላት፣ አንዱም ሻንጣውን ተቀብሎ አሻገረልን። እሷ ግን ከድንጋዮቹ አንዱን አጎንብሳ ማንሳት ጀመረች።

«ሀርሜ፣ እናቴ፣ ምን ሊያደርግልዎት ነው?» አላት ሌላው።

«እህቴን በድያለሁ። ተሸክሜው ገብቼ ይቅርታ ልጠይቃት ነው።»

ልጁ የያዘችውን ከእጇ ወስዶ አነስ ያለ መረጠላት። «ይሄም ይበቃል» አላት።

ቤት ስንደርስ እማዬ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። አክስቴ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ አጎንብሳ በሩ ላይ ቆመች። እማዬ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ስታውቃት የያዘችው አንሶላ ከእጇ ወደቀ።

«ብዙነሽ... በእኔ ጦስ ነው የተዳርሽው። ይቅር በይኝ» አለች አክስቴ።

እማዬ ሮጣ ድንጋዩን አወረደችላት። ታቅፋታለች ብዬ ስጠብቅ ድንጋዩን ታቅፋ ቀረች።

«ለመሄድ ስታስቢ ያማከርሽው ማንን ነበር?»

«አንቺን። 'ሂጂ፣ አባባን እኔ አረጋጋዋለሁ' አልሽኝ።»

«ለአንቺ አስቤ መስሎሻል? ቶሎሳን እወደው ነበር። ሽማግሌ የመጣ ቀን ለእኔ የመጡ መስሎኝ ጓዳ ገብቼ ፀጉሬን ሳበጥር ነበር። የተጠየቅሽው አንቺ ሆንሽ። እንድትሄጂልኝ ፈልጌ ነው ሂጂ ያልኩሽ።»

አክስቴ አፍጥጣ አየቻት።

«ታዲያ... ደስ ብሎሽ ነው የኖርሽው?»

«በጣም። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።»

ይሄኔ የሚሳሳቁ መስሎኝ ነበር። የአክስቴ ፊት ግን ጠቆረ።

«አባባስ? 'ጫልቱ ልጄ አይደለችም' ሲል ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ አላልሽውም?»

እማዬ መሬት መሬት አየች። «ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል... ሞተ።»

አክስቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ባገኝ ኖሮ ያን ሰዓት መኪና አስነስቼ ወደ ቦሌ በመለስኳት... መንገዱ ግን ዝግ ነው። እራት አቅርበንላት አልቀመሰችም።

ዛሬ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ተነሳች። «አባባ ያረፈበትን አሳዩኝ» አለች። ሦስታችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። እማዬ መቃብሩ አጠገብ ተንበረከከች። በኦሮምኛ፣ ለእኛ እንኳን በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «አባ፣ ጫልቱን ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች።

አክስቴ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ጮክ ብለሽ ንገሪው እንጂ! ጆሮው ይከብደው የለም እንዴ?»

እማዬ ጮክ ብላ ደገመችው። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።

ይቅር ተባባሉ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ... እኔ ራሴ የጥፋታቸው ፍሬ ስለሆንኩ ለመጠየቅ አፍሬያለሁ።