የኦቦ ከድር ማሳ ከፍታ

በማስጠናት ሥራ የመጀመሪያ ቀኔ የተፈተነችው ተማሪዋ ሳትሆን እኔ ነበርኩ። ኦቦ ሁሴን ከአሰላ ወጣ ብለው ስንዴና ገብስ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሀዊን ይዘው መጡና ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

«የት ነው የተማርሽው?»

«እስከ ስምንተኛ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«የወንድሞቼ መጽሐፍ።»

እውነቴን ነው። መልመጃውን አንድ በአንድ ሠርቼ ነው የጨረስኩት። አንዱን የአልጀብራ ጥያቄ ሦስት ቀን ታግዬው፣ የተሳሳተው ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው መልስ ሆኖ አረፈው! ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፤ ደስታዬ የገባው ሰው ግን አልነበረም።

«እስቲ አንድ ወር እንይሽ» አሉ ኦቦ ሁሴን።

ሀዊ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ጭንቅላቷ ፈጣን፣ እጇ ሰነፍ። ከአሮጌ በር የሠራሁት ሰሌዳ ላይ መልሱን ብቻ ጥግ ላይ ትጽፍና ጠመኔውን ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር፣ አጠገቡም ምክንያቱን ካልጻፈች አላርምም።

«ቲቸር፣ መልሱ ልክ አይደል እንዴ?»

«ልክ ነው። ግን ያለ ምስክር ቆሟል።»

ወሩ ሊያልቅ ሲል ኦቦ ሁሴንና ታናሽ ወንድማቸው ኦቦ ከድር የአባታቸውን ማሳ ሊካፈሉ ሆነ። ማሳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎኑ መንገድ ዳር ለዳር ይሄዳል። ሀዊ፣ «የመንገዱን ጎን መሀል ከላይኛው ጥግ ጋር አገናኙት፣ እኩል ይሆናል» ብላቸው እብስ አለች። ለኦቦ ከድር የደረሰው ግን ቀጭንና የተንጋደደ ሆነ። «አስጠኚዋ ለቀጠራት ሰው አዳላች!» ብለው ተቆጡ።

ኦቦ ሁሴን በማለዳ ደጄ ቆሙ። «ወንድሜ ሰላምታ ነሳኝ። ነይና አስረጂው። አለዚያ ሀዊም ከእንግዲህ አትመጣም።»

ገመድ ይዘን ወረድን። ሀዊን፣ «መልሱን አትንገሪያቸው፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሪ» አልኳት። እሷም ገመዱን ለኦቦ ከድር ለራሳቸው አስያዘች። መሠረቱ፣ ስልሳ ሜትር በዚህ፣ ስልሳ በዚያ። ተስማሙ። ከፍታው፣ ከላይኛው ጥግ ቀጥ ብሎ እስከ መንገዱ፣ ሰማንያ። ገመዱ ግን ያረፈው በኦቦ ሁሴን ድርሻ ውስጥ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ኦቦ ከድር። «የእኔ ማሳ ከፍታ ወንድሜ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

እኔም ስማር እዚሁ ጥያቄ ላይ አንድ ሳምንት ተቸክያለሁ። ሀዊ መንገድ ዳር ያዘመመ የመብራት እንጨት አሳየቻቸው።

«አጎቴ፣ የእሱ ጫፍ ከመሬት ስንት ይርቃል ቢሉኝ ከጫፉ ገመድ ቁልቁል እለቃለሁ። ገመዱ ከእንጨቱ እግር ራቅ ብሎ ያርፋል። ከፍታው ግን የእንጨቱ ነው።»

ኦቦ ከድር እንጨቱን ዞረው አዩት።

«ስልሳ በሰማንያ ሲባዛ፣ ለሁለት ሲካፈል፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ» አለች ሀዊ። «የአባባም ያው ነው።»

«እኩል ከሆነማ ቀጭኑን እሱ ይውሰደዋ!»

ኦቦ ሁሴን ማሳውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ፣ ልቤ አምኗል፤ ዓይኔ ነው እምቢ ያለኝ።»

«አባባ!»

«እሺ፣ እሺ፣ እወስደዋለሁ።»

ኦቦ ከድር ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከወንድማቸውም ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሀዊ በማግሥቱ በሰዓቷ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች አስጠንቻለሁ። ያወቅሁት ይህን ነው፤ ደረጃ በደረጃ የሚሠራው ለተጠራጠረው ሰው ነው። ስለዚህ ገመዱን እሱ ይያዝ።