እናቴን በወላይትኛ ሲያለቅሷት

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከምሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ አውሮፓውያን የራሳቸውን ታሪክና ቋንቋ የሰው ልጅ ሁሉ መለኪያ እንዴት እንዳደረጉት፣ በቅኝ የተገዙ ሕዝቦች ጸሐፊዎችም ይህን እንዴት እንደተቹት የሚያይ ነው። እኛ አልተገዛንም ብዬ ስለምጀምር፣ ነገሩ ሁሉ ለእኔ የባሕር ማዶ ጉዳይ ነበር።

እናቴ የሞተችው በዚያ ትምህርት መሀል ነው። የአባቴ አባት ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እናቴ ግን የዱቦ መንደር ገበሬ ልጅ ነበረች፤ የተቀበረችውም እዚያው ከወላጆቿ ጎን ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው አፈር ከለበሰች በኋላ፣ ሴቶቹ ከቤተሰቧ ቤት ፊት ካለው ሜዳ ላይ በወላይትኛ ሙሾ ያወርዱ ጀመር። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በየመሀሉ የእናቴን ስም እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ሁሉም በእንባቸው መሀል ሳቅ አሉ። ለምን እንደተሳቀ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ከእኔ ጋር ከአማርኛ በቀር ተናግራ አታውቅም።

በማግስቱ እንግዳው ጋብ ሲል ታናሽ እህቷን፣ አክስቴን፣ ጠየቅኋት።

«ትናንት ምን ተብሎ ነው የተሳቀው?»

«ልጅ ሆና የጎረቤት አህያ ጅብ መስሏት በድንጋይ መምታቷን አንስተው ነው።» ቀጥላም፣ «በአማርኛ ሲነገር አያስቅም» አለች።

«ቋንቋውን ለምን አላስተማረችኝም? ማን ከለከላት?»

«ማንም። አባታችን ለመሬቱ ሲከራከር ፍርድ ቤት ይዟት ሄዶ ነበር። ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃል፤ አባታችን በቋንቋችን ብዙ ይናገራል፤ አስተርጓሚው አሳጥሮ ያቀርባል። መሬቱ መወሰዱን እንኳ ያወቀው ሰዎቹ ተነስተው ሲወጡ ነው። የእኔ ልጅ እንዲህ አይቆምም አለች። አንተም አልቆምክም።»

ትምህርቴ እንዲህ ላለ ሰው የተዘጋጀ ስም አለው፤ የገዢውን መለኪያ ተቀብሎ የራሱን የናቀ ይለዋል። እናቴ ግን ቋንቋዋን አልናቀችም። ከእህቶቿ ጋር ስትጫወትበት እኛ ቤት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበራት። ያየችውን አይታ መረጠች፤ ከአንድ ልጇ ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ሳታወራም አለፈች።

ክፍል ስመለስ ስለ አውሮፓ ብቻ መናገር አቃተኝ። የእናቴን አባት ችሎት ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያ መለኪያ እርስዎም ቤት ነበር ማለት ነው?»

«ነበር» አልኳት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዱቦ እወርዳለሁ። አክስቴ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀምጬ ወላይትኛ እማራለሁ። ትዕግሥት የላትም። እስካሁን ስለ ጤናዋና ስለ ዝናቡ መጠየቅ እችላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ከምትመልስልኝ ግማሹ አይገባኝም።