ሁዳዴን ያልቆጠርኩበት እቅድ

ታናሽ እህቴ ካንሰር አለብሽ በተባለች ማግስት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለውን የኪራይ ክፍሏን ለቃ እኔ ዘንድ፣ የካ መጣች። ሐኪሙ የካንሰሩ መድኃኒት፣ ኬሞው፣ መካን ሊያደርጋት እንደሚችል ነግሯታል። ሕክምናው ከስድስት ሳምንት በላይ ሊዘገይ እንደማይችልም ጨምሮላታል። ለማርገዝ የምትጓጓ ልጅ ነበረች።

የእኔ ሥራ የላም ኦቫሪ ነበር። እንቁላል የሚይዘውን እጢ ከቄራ በፔርሙስ አመጣለሁ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ በስሱ ቆርጬ አቀዘቅዛለሁ፣ መልሼ አቀልጥና እንቁላሎቹ በሕይወት መኖራቸውን አያለሁ። ከሴት ኦቫሪ ጋር ስለሚመሳሰል አንድ ቀን ለሰው ይሆናል እንል ነበር።

አለቃዬን ለመንኩት። በላም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከሠራ፣ ከኬሞው በፊት የእሷን አውጥተን አቀዝቅዘን እንድናስቀምጥላት ፈቃድ እጠይቅልሻለሁ አለኝ። ወዲያው እቅድ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለፈሳሾቹ ዝግጅት መደብኩት። እኛ ያደግነው ጴንጤ ቤት ነው፤ ሁዳዴ ሊገባ ስድስት ቀን ብቻ መቅረቱ ትዝ አላለኝም።

ሰኞ ጠዋት ቄራ ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል። በሙስሊሞቹ በኩል ጥቂት ይታረዳል፤ እሱም በሬ ብቻ። በየቀኑ ተመላለስኩ። ዘበኛው አዝኖልኝ፣ "ለፋሲካ ነይ፣ እስኪበቃሽ ትወስጃለሽ" አለኝ። ላንቀው ቃጣኝ።

ወጣት ላም ለእርድ የሚሸጥልኝ ጠፋ። በመጨረሻ እንጦጦ ወጥቼ ከአንድ ገበሬ አሮጊት ላም ገዛሁና ሙስሊም አራጅ ለምኜ አሳረድኳት። ከሁለቱም ኦቫሪዎቿ አንድም ደህና እንቁላል አልወጣም። አሮጊት ላም እንደማትሆን ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጭንቀት ነው ያስገዛኝ።

ስድስቱ ሳምንት አለቀ፤ እህቴ መድኃኒቱን ጀመረች።

በፋሲካ ዋዜማ ቄራው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከዚያ ወስጄ ያቀዘቀዝኩትን ሳቀልጥ አብዛኞቹ እንቁላሎች በሕይወት ነበሩ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሠራ። አለቃዬ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ እህቴ የተመለጠ ራሷን በሻሽ አስራ አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች።

"ላሞቹስ እንዴት ሆኑ?" አለችኝ።

"አልሠራም" አልኳት።

እጄን ያዘችና፣ "እንኳንም አልጠበቅነው" አለችኝ።