ቆርቆሮ ላይ የቀረው መንጋጋዬ

ወልቂጤ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ሰሞኑን ዛላ በርበሬ ሸራ ላይ አስጥታለች። ማለዳ በሬን ስከፍት ሽታው ቀድሞኝ ይገባል። ፀሐይ ሲበረታ ዛላው ይንኮሻኮሻል፤ እሷ ስታገላብጠው ደግሞ ብናኙ ይነሳል። ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል። የኔ ምላስ ግን ሳላዛት ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ፣ መንጋጋ ጥርሴ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ትሄዳለች።

እናቴ ቡታጅራ በርበሬ ተራ ትነግድ ነበር። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ እቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ከጨቅላነቴ ጀምሮ ያደግኩት ከማዳበሪያው ጀርባ ነው። በርበሬ ተራን የማታውቁት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እዚያ አፍ ከፍቶ ማልቀስ አይቻልም። ገዢው ዛላውን በእፍኙ አንስቶ ሲያራግፈው ብናኙ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ልጅ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ አፉን ይከፍታል፣ አፉን ሲከፍት የባሰ ይቃጠላል። እና የበርበሬ ተራ እናቶች አንድ ዘዴ ነበራቸው። ከረሜላ ያጎርሱናል። ከረሜላ የያዘ ልጅ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ይተነፍሳል።

"አፍሽን ግጠሚ፣ የኔ ማር" ትለኝ ነበር እናቴ፣ ቀዩን ከረሜላ ከመቀነቷ ፈትታ። እሱ ሲያልቅ ሌላ። ጡት የሚጠባው ሕፃን እንኳ በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር ይጠባ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። እንዲያውም ከረሜላ የማታጎርስ እናት ጨካኝ ትባል ነበር።

ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላም ከክፍል ስወጣ የምሄደው እዚያው ነው። የፊት ጥርሶቼ ጠቁረው ነበር፤ የሁላችንም እንደዚያ ስለሆነ ማንም በማንም አይስቅም። ከዚያ መንጋጋዬን ያመኝ ጀመር። እናቴ ቅርንፉድ ወቅጣ አደረገችልኝ። ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሲደፍነው ግን ያን የሚያህል ልጅ አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሰው ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚላት። ባትሪ አብርታ፣ "እስኪ አንበሳዋ፣ በደንብ ክፈቺልኝ" አለች። ከዚያ፣ "ኧረ ይቺ ልጅ አፏ ውስጥ ሱቅ ከፍታለች! ምንድን ነው የምትበዪው?"

"ከረሜላ!" አልኩ በኩራት። "እማዬ ናት የምትሰጠኝ።"

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። "ሲስተር፣ የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቅ የለ?"

ነርሷ ባትሪዋን አጠፋች። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። "የፊቶቹ ይወድቃሉ፣ እህቴ። ይቺ ግን የወተት አይደለችም። ከኋላ በኩል ዝም ብላ ስለምትበቅል ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሷ ከሄደች የሚተካት የለም።"

እኔ ትኩሳቱ አድክሞኝ ግድግዳው ላይ ያለውን የሕፃን ሥዕል አይ ነበር። ነገሩ እኔ አልገባኝም። የገባት እናቴ ናት። ነርሷ ወደ ሆስፒታል ላከችን፤ እዚያ ሊያተርፏት አልቻሉም፣ ተነቀለች።

ያኔ እኛ ሰፈር የልጅ ጥርስ ሲወድቅ ወደ ጣሪያ ይወረወራል። ወፏ እሱን ወስዳ አዲስና ነጭ እንድትሰጥ ትለመናለች። እኔም መንጋጋዬን በወረቀት ጠቅልዬ ነበር ይዤ የመጣሁት። "እማዬ፣ ይቺ ትልቅ ናት፣ የምትሰጠኝም ትልቅ ነው!" አልኳት። ወረወርኳት። ቆርቆሮው ላይ ኳ ብላ ተንከባለለች። ሌላ ጊዜ ከኔ ጋር ጮክ ብላ ወፏን የምትለምነው እናቴ ያን ቀን ደጃፉን ይዛ ቆመች።

ከዚያ በየማለዳው ድዴን በጣቴ እየነካሁ፣ "እማዬ፣ ሊወጣ ነው መሰለኝ" እላታለሁ።

"ኢንሻአላህ" ትለኛለች፣ ፊቷን አዙራ።

አሁን ይህን ስጽፍ ጎረቤቴ በርበሬዋን እየሰበሰበች ነው፤ ልጇን "ራቂ ከዚያ!" ስትላት ይሰማኛል።

ያኔ፣ መንጋጋዬ ከተነቀለች ትንሽ ቆይቶ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በርበሬ ተራ መጣች። ገና ሳትናገር ማስነጠስ ያዛት።

"ሲስተር፣ ላንቺም ከረሜላ እናጉርስሽ?" አሏት ሴቶቹ። ተራው በሳቅ ሞላ። እሷም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው። ጣፋጭ አፍ ውስጥ ሲቆይ ጥርስ ይበላል። ልጆቹን ከብናኙ ማራቅ ነው እንጂ ከረሜላ መፍትሔ አይሆንም። ጠዋትና ከመኝታ በፊት ጥርሳቸው ይጽዳ፣ ብሩሽ ቢጠፋ ጫፉ በደንብ የለሰለሰ መፋቂያ፤ የሕፃኑም ቢሆን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ።

በዕድሜ ከሁሉ የምትበልጠው ነጋዴ ብድግ አለች። "ታዲያ በርበሬውን አንቺ ዝም ታሰኚልናለሽ? የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል! እኛስ ይኸው አላደግንም?"

ነርሷ ወደ እናቴና ወደኔ አየት አደረገችና ወዲያው ዓይኗን ከኛ አነሳች። ስማችንን አልጠራችም። እኔን ብትጠቁም ክርክሩን ትረታ ነበር፤ አላደረገችውም።

እናቴ ናት የተነሳችው። አገጬን ያዘች። "ክፈቺ" አለችኝ። ከፈትኩ። "እዩት" አለች ለሴቶቹ። "ይሄ የወተት አይደለም። አይበቅልም። ወላሂ፣ በገዛ እጄ ነው ያጎረስኳት።"

 እኔ አፌን እንደከፈትኩ ዓይኔን ወደ እናቴ አነሳሁ። እንደማይበቅል መስማቴን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። እጇ አገጬ ላይ ቀዘቀዘ።

"አላወቅሽም እኮ፣ እህቴ" አለቻት ነርሷ።

"አሁን አወቅኩ" አለች እናቴ። "አሁንስ የት ልግባ?"

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከተራው ራቅ ያለ ዛፍ ጥላ ሥር በየተራ መጠበቅ ጀመሩ። ነርሷ በገበያ ቀን እየመጣች አሰልፋ ታስፍቀናለች፤ ማን አርቆ ይተፋል እያልን እንወዳደራለን። ከኔ በኋላ የመጡት ልጆች ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ሆነ። እናቶቻቸው እናቴን ይመርቋት ነበር። እሷ ግን "አሚን" ለማለት እንኳ ይከብዳት ነበር።

ከሷ ጥርስ አንድም የጎደለ የለም። መስቃን ገጠር በቆጮና በመፋቂያ ያደገች ናት፤ ስትስቅ አፏ ሙሉ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እኔ ፊት ስትስቅ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ትስባለች። አንድ ጊዜ፣ "ለምንድን ነው የምትሸፍኚው?" ብላት፣ "በርበሬው ነው" አለችኝ። ቤት ውስጥ ነበርን።

አምና ታመመች። ሆስፒታል ተኝታ ራሷን መርዳት ሲያቅታት አንዲት ወጣት ነርስ አፏን እንዴት እንደማጸዳላት አሳየችኝ። ፋሻ ጣት ላይ ጠቅልሎ፣ በውኃ አርሶ፣ ቀስ እያሉ ከፊት ወደ ኋላ። እናቴ ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለች። "ያማት ይሆን?" አለች ነርሷ። ሕመም እንዳልሆነ አውቄያለሁ። "እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አልኳት። ብዙ ቆይታ ከፈተች።

ወጣቷ ነርስ አጎንብሳ አየችና ተገረመች። "እማማ፣ ይሄን ጥርስ ለኛ ያውርሱን እንጂ!"

እናቴ እሷን አላየቻትም። እኔን ነው ያየችኝ። "ለሷ ነበር የሚገባው" አለች።

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። እንዳልቀየምኳት፣ ያ ልጅነት ለኔ ጥሩ ልጅነት እንደነበር። ግን "ጨርሻለሁ፣ እማዬ" ብቻ አልኳት።

የውኃውን ሳህን አጥቤ ስመለስ ሻሿን አፏ ላይ ስባ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳያፍናት ቀስ ብዬ ገለጥኩላት።