የባጃጇ አጃቢ

ወንድሜ ይሄነው እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አባታችን የታወቁ ፈረሰኛ ናቸውና «ያቺ ነገርህ ከአስፓልት ወርዳ ተራራ ስትወጣ እናያለን» እያሉ ያበሽቁታል። ቅዳሜ ለት እልህ ይዞት ከጓደኛው ከደረሰ ጋር ድንኳን ጭኖ ተራራው ላይ ሊያድር ወጣ።

ጠዋት ሲመለሱ ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ሰጥማ ሞተሯም አልነሳ ስላለ ይሄነው ደወለልን። አባባ ዳማ የተባለውን ፈረሳቸውን እንደ በዓል ቀን አስጊጠው ደረሱላቸው።

«አባባ፣ ገመዱን ዳማ ላይ እንሰረው?» አለ ደረሰ።

«ዳማዬን የጋሪ ፈረስ ልታደርገው? በል ግፋ!»

ሁለቱ ከኋላ እየገፉ፣ አባባ ከፊት በፈረስ እያቅራሩ ከተማ ገቡ። ሰርግ የመሰላቸው ሴቶች እልል አሉ። ይሄነው አንገቱን ደፋ።

ግቢ ሲደርሱ አባባ ከፈረሳቸው ወርደው ጭቃ የለበሰችውን ባጃጅ ዞሯት።

«እውነት እዚያ ድረስ ወጥታ ነበር?» አሉና እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጓት።