መጋዙ ያሳጠረው ቤት

አባቴን በሕይወት ሳለ «አንቱ» እያልኩ ኖሬያለሁ። እዚህ ግን አልለውም። ሞቷል፣ አይሰማም፤ ቢሰማም ግድ የለኝም።

ዛሬ ከተማ ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ። ሁለተኛው ባሌ አናጢ ስለነበር ጎረቤቶቼ በራቸው ሲያዘነብል፣ መስኮታቸው አልዘጋ ሲል ምን ዕቃ ልግዛ እያሉ እኔን ይጠይቁኛል። ስለ መዶሻ፣ ስለ መሮ፣ ስለ መላጊያ ደስ እያለኝ እመክራለሁ። መጋዝ ልግዛ ለሚለኝ ግን መጀመሪያ ምን ሊቆርጥበት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ብዙው ሰው መልስ የለውም። አባቴም አልነበረውም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ መንዝ ውስጥ ነው። መንደር ምሥረታ የሚሉት መጣና ገበሬው ሁሉ ከየጉብታው ተነሥቶ አንድ ሜዳ ላይ በመስመር ይስፈር ተባለ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከጥምቀት በፊት ቤቱን ያላነሣ ሰው ቤቱን ማኅበሩ እንደሚያነሣለት ነገረን። ማኅበሩ ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት ዕቃ ክብሪት እንደሆነ ከወዲያኛው ቀበሌ ሰምተናል። እኔ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ባሌን ፈትቼ ወላጆቼ ቤት የተመለስኩ ሴት ነበርኩ። አባቴ እንጀራውን በቆረስኩ ቁጥር ይህንኑ ያስታውሰኝ ነበር።

ቤታችንን የሠሩት አያቴ ናቸው። የኛ አገር ዛፍ የለውም፤ አብዛኛው ሰው በድንጋይ ነው የሚሠራው። አያቴ ግን ወይራውንና ጥዱን ከቆላ፣ ያን ሁሉ ገደል በሰው ትከሻ አስወጥተው ምሰሶውንም ግድግዳውንም በእንጨት አቆሙት። ረጅም ቤት ነበር። ጭሱ ከጓሳ ሣር ክዳኑ ሥር ይከማችና በሣሩ መሐል ቀስ እያለ ይወጣል፤ እኛ ከታች ተቀምጠን ዓይናችንን እንኳ አይነካንም።

ለእናቴ ይህ ከፍታ ትንፋሿ ነበር። አስም ነበረባት፤ ያኔ ስሙን ስለማናውቀው «ትንፋሽ ያጥራታል» ነበር የምንለው። ዝቅ ያለ ቤት ለቅሶ ልትደርስ ከገባች ደረቷ እያፏጨ ነው የምትወጣው። ቤቱ ይነሣል ሲባል ሌላው ሰው ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው ርቀት ጠየቀ። እሷ የጠየቀችው ቁመቱ ሳይጎድል ይነሣ እንደሆነ ብቻ ነው።

የቆመ ቤት እንጨቱን ማንሣት የሚቻለው ወይ ቆፍሮ በመንቀል ወይ ከመሬት በላይ በመቁረጥ ነው። የኛ ምሰሶዎች ክንድ ከስንዝር መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፤ ነፋሱን የቻሉት በዚያ ነው። ለመንቀል ዲጂኖ ያስፈልጋል፣ ረጅሙ የብረት መቆፈሪያ። ለመቁረጥ ደግሞ መጋዝ። ሁለቱም አልነበረንም። አባቴ በጎች ነዳ፣ እኔና እናቴ ተከተልነው፣ ዘመሮ ገበያ ወጣን።

በጎቹ እንደተሸጡ እናቴ ቀጥ ብላ ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄደች። አንዱን ዲጂኖ በሁለት እጇ አንሥታ ክብደቱን አየች።

«ይኸ ይሁን» አለችው። «እንጨቱ እንዳለ ይነቀልበታል፤ ለአዲሱም ጉድጓድ ይሆነናል።»

«ዲጂኖ የእስረኛ ዕቃ ነው» አላት አባቴ፤ ጥሏት አለፈ።

ከደብረ ብርሃን የመጣ ነጋዴ ዘንድ አንድ አዲስ መጋዝ ተሰቅሎ ያበራል። አባቴ አወረደው፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ጫፉን ይዞ አጎበጠና ለቀቀው። መጋዙ ጮኸ፤ ገበያተኛው ዞር ብሎ አየው። ያኔ ነገሩ አለቀ። ሰው ዞር ብሎ ካየው አባቴ የማይገዛው ነገር አልነበረም።

እናቴ ቀስ ብላ ቀረበችው። «ከመሬት በላይ ከተቆረጠ፣ አዲሱ ቦታ ላይ ሲተከል ምኑ ይቀበራል?»

ነጋዴው ሣቅ አመለጠው። አባቴ በሱ የተሣቀ መሰለው፤ ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት ሠሪ የሆንሽው?» አላት። «ያለችሽን ትንፋሽ ቆጥቢያት፤ ለምላስሽ አትበቃም።»

ሰው ሰማው። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ነጋዴውም ደነገጠ መሰለኝ፣ ነገሩን ለማለዘብ «ጋሼ፣ ሞረዱንም ይውሰዱት፤ ጥርሱ ሲደንዝ ይስሉበታል» አለው። አባቴ አዲስ ዕቃ አይደንዝም ብሎ ሞረዱን ተወው።

የወይራ ምሰሶ በእጅ መጋዝ ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ቀንድ መቁረጥ ይሻላል። መጋዙ የመጀመሪያውን ምሰሶ ሳይጨርስ ደነዘ፤ አባቴ እየተሳደበ ጎተተው፣ እኔም ሌላውን ጫፍ በጨርቅ ጠምጥሜ እየያዝኩ ጎተትኩ። መጋዙ የአንድ ሰው ነበር፤ ለሁለት ሰው አልተሠራም፤ መሐል ላይ እየታጠፈ እጄን ላጠው። ጎረቤታችን፣ በትርፍ ጊዜው አናጢነት የሚሞካክር ዝምተኛ ሰው፣ የራሱን ምሰሶዎች ዙሪያ አመሻሽ ላይ ውሃ አጠጥቶ ያሳድራል፤ ሲነጋ በተዋሰው ዲጂኖ ፈልፍሎ፣ ነቅንቆ ያወጣቸዋል። እኛ ላብ በላብ ሆነን ሳንጨርስ እሱ እንጨቱን ጭኖ ሄደ። መጋዙ ጊዜ እንኳ አላተረፈልንም።

አባቴ የቤቱን ቁመት አስቀድሞ በገመድ ለክቶ ነበር። የተቆረጠውን ምሰሶ አጋድሞ ገመዱን ዘረጋበት፤ ልክ ሆነ። «ይኸው፣ ጣት አልጎደለም» አለ እናቴን እያየ። እውነቱን ነው፣ ጣት አልጎደለም። ከመሬት በላይ የነበረው ሁሉ አለ። እናቴ የምታየው መሬት ውስጥ የቀረውን ጉማጅ ነበር። የሚቀረው ጉድጓዱ ነበር።

አዲሱ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ቀብሮ ሊያቆማቸው ሞከረ። የኛ ሜዳ ነፋስ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ጣሪያው ሳይወጣ ምሰሶዎቹ አዘነበሉ። ኋላ አባቴ ጉድጓዱን እንደ ድሮው ክንድ ከስንዝር አስቆፈረና ቀበራቸው። የቤቱ ቁመት መሬት ውስጥ ገባ፤ አሮጌው ቦታ ላይ የቀረው ጉማጅም እዚያው ቀረ።

በመስመሩ ላይ ካሉት ቤቶች ሁሉ የኛ አጠረ። የመንደሩ ሰው «ቁጢጥ» አለው፤ «ቁጢጥ ቤት ሄጄ መጣሁ» ይባላል። አባቴ ረጅም ሰው ነው፤ ቤቱ ውስጥ አንገቱን ሰብሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ሰው ሲመጣ ግን ዝቅ ያለ ቤት ሙቀት ይይዛል፣ ዐውቄ ነው ያሳጠርኩት ይል ነበር። አባቴ እንዲህ እያለ ጭሱ ዓይኑን ያስለቅሰዋል።

በበጋው እናቴ ቀኑን ደጅ እየዋለች ከረመች። ክረምት ገባ። የኛ አገር ክረምት ጉምና በረዶ ነው፤ ደጅ አይዋልም፤ የሚነደውም እርጥብ ኩበት ነው። ጭሱ አልጋዋ ድረስ ወረደ። ደረቷ ቀንም ሌሊትም ያፏጫል፤ ሁለት ቃል ተናግራ ሦስተኛውን ትጠብቃለች። አባቴን ለመንኩት። ለቤቱ መላ ነበረው፤ ጎረቤታችንን ጠይቄው ጣሪያውን በባላ ደግፎ ምሰሶዎቹን አውጥቶ ጉድጓዱን በድንጋይ መሙላት፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ማቆም እንደሚቻል ነግሮኛል። ድንጋይ ደግሞ ከኛ አገር የበለጠ የት አለ?

«መጋዝ ገዝቶ ቤቱን አበላሸ እንዲባል ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

«ለርስዎ ሳይሆን ለሷ ነው የምለምነው» አልኩት። «ታፍና ትሞታለች።»

«እስከ ዛሬ ያልሞተች ዛሬ አትሞትም።»

እናቴ እዚያው ተኝታ ትሰማለች። ተናድጄ ስነሣ በእጇ ያዘችኝ። «ተይው ልጄ» አለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆይታ «ከሱ ጋር ከመነጋገር ጭሱ ይሻላል» አለች።

አባቴ ግን የራሱን መላ አመጣ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መጋዙን ይዞ የእናቴ የጠፍር አልጋ ላይ ጎንበስ ብሏል። የሠርጓ አልጋ ነው። አራቱንም እግሩን ከሥሩ ቆርጦ ጨርሷል። ጭሱ ከላይ ነው ያለው፣ እሷ ዝቅ ካለች አይደርስባትም አለኝ፣ ደስ ብሎት። ቤቱን ከፍ ከማድረግ እሷን ዝቅ ማድረግ ቀለለው። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ አልጋዋ ሲቆረጥ አየች። ያን ቀን ጠላሁት፤ ጥላቻዬም እንደ መጋዙ አልደነዘም።

አልጋው መሬት ነካ፤ ጭሱ ቀነሰና የወለሉ እርጥበት መጣ። እናቴ ራሷን ወደ በሩ አዙራ፣ ከበሩ ሥር በምትገባው አየር አፏን አድርጋ መተኛት ጀመረች። አባቴ ብርድ ይገባል ብሎ ክፍተቱን በጆንያ ይወትፈዋል፤ እኔ እነቅለዋለሁ፤ መልሶ ይወትፈዋል። ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ባለበት አንድ ረፋድ ደጅ ውሰጂኝ አለችኝ። ተሸክሜ አወጣኋት። እንደ ልጅ ቀላለች። ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ አገሩ ሁሉ አየር ነበር፤ የምትስብበት አቅም ግን አልነበራትም። እዚያው እቅፌ ውስጥ ሞተች።

አባቴ ከለቀስተኛው ሁሉ በላይ አለቀሰ። ማንም እንዲህ የሚያለቅስ ባል አይቶ አያውቅም ተባለ።

በሠልስቱ የነፍስ አባታችን ጸሎት ሊያደርሱ መጡ። ረጅም ናቸው፤ በሩን ጎንበስ ብለው አልፈው ቀና ሲሉ ጥምጥማቸው ከጣሪያው እንጨት ጋር ተጋጨና ምድጃው አጠገብ አመድ ላይ ወደቀ። አንሥቼ አራግፌ ሰጠኋቸው። ማንም አልሣቀም፤ ግን ሁሉም መሬት መሬት አየ። አባቴ ፊቱ ቀላ። ለአርባዋ ካህናቱ ሁሉ ጥምጥማቸውን አድርገው እንደሚመጡ ያውቃል።

ሳምንት አልቆየም፤ ራሱ ጎረቤታችን ዘንድ ሄዶ ደቦ ጠራ። ወንዶቹ ማለዳ መጡ። ጣሪያውን በባላ ደገፉት፣ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጉድጓዱን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሞሉና ድንጋዩ ላይ አቆሟቸው፣ ሥራቸውን በድንጋይና በጭቃ አጠሩት፣ ከግድግዳው ሥር የተከፈተውንም እንዲሁ ገነቡት። እኔ ንፍሮ ሳልቀቅል ነበር የጨረሱት። ገና ምሳ አልደረሰም።

በአርባዋ ካህናቱ ቤት ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ጸለዩ። እሳቱ ይነዳል፣ ኩበቱ ያጨሳል፣ ጭሱ ግን ከራሳቸው በላይ ወጥቶ በሣሩ ውስጥ ይጠፋል። የሳለ ሰው የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «ምነው ምስኪኗ ይህን አይታ በሞተች» አሉ።

«ለሷ ብዬ እኮ ነው ያሠራሁት» አለ አባቴ።

ሁሉም ነፍሷን ይማር አሉት። ዋንጫውን ዘረጋልኝ፤ ጠላውን ቀዳሁለት።