ብቻውን ለሚጨፍር ሰው መምታት

የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ያኒ ከበሮ አላስነካኝም። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠኝና «በእጅሽ ምቺ፤ እየቆጠርሽ እስከ ዘጠኝ» አለኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ስለመታሁ ችሎታው አለኝ ብዬ ነው የሄድኩት። ስድስተኛው ምት ላይ እጄ እንደለመደው በራሱ ዘጋ።

«ሦስቱን ለማን ሰጠሻቸው?»

«ማን ይፈልጋቸዋል?»

ክላርኔት የሚነፋው ጋሽ ታደሰ፣ ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ሳቀ። «ያኒ፣ የዚች ምላስ ከእጇ ይፈጥናል።»

የጋሽ ያኒ አባት ግሪካዊ መካኒክ፣ እናቱ የአቃቂ ሰው ነበሩ። ባንዳችን የሚጫወተው የግሪክና የቱርክ የድሮ የገጠር ዜማ ብቻ ነው። እሱ አንገቷ ረጅም የሆነችውን የግሪክ ጊታር፣ ቡዙኪን ይጫወታል። ሰዎች የአማርኛ ዘፈን ጨምሩ ሲሉት «ለሱ ስንት ባንድ አለ» ብሎ ይዘጋቸዋል።

ዳርቡካ የሚባለውን ወገበ ቀጭን የብረት ከበሮ የሰጠኝ ዘጠኙ ምት እጄ ሲገባ ነው። ቀርፋፋው ዘጠኝ የብቻ ጭፈራ ነው። አንድ ሰው ይነሳል። ሌላው አይነሳም፣ አያጨበጭብም። መቺው የሰውየውን እግር ያያል፤ ከዘገየ ይዘገይለታል። «ሌላ ሰው ከገባበት አለቀለት» አለኝ ጋሽ ያኒ። «ዘበኛው አንቺ ነሽ።»

የቃሊቲ መንገድ ለቀላል ባቡሩ ተቆፍሮ አቧራ ብቻ በነበረበት ሰሞን ከማል ጋራዡ ድረስ መጣ። ቱርክ ነው፤ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ኃላፊ። አገሩ ያለው ልጁ ሊያገባ ሲል ሞቶ፣ ለቀብሩ አልደረሰም ነበር። አሁን ሥራ ለቆ መሄዱ ነው፤ ሠራተኞቹ ሽኝት አዘጋጅተውለታል፤ እዚያ እንድንጫወትለት ፈለገ።

«ልጄ ሠርግ የለም» አለ በሰባራ አማርኛው። «እኔ እጨፍራለሁ። አንድ ጊዜ። ለሱ። ብቻዬን።»

እሁድ ከምሳ በኋላ በፋብሪካው ክበብ ተጫወትን። መብራት ስለጠፋ ማይክ የለም። ከማል ኮቱን አውልቆ ተነሳ፤ እጁን ዘረጋ። አንድ ዙር እንደዞረ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱ። የሽመና ክፍል አንጋፋ ናቸው፤ የሰፈራችንም ሰው። ሌሎቹ ሴቶች ተከትለዋቸው ወደ መሃል መጡ። ልጅ የሞተበትን ሰው ብቻውን መተው እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። የከማል እግር ግን ተሳሰረ።

ጋሽ ያኒ አየኝ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኩ እጄን ሳላቆም።

«ምን አልሽ?»

«ብቻውን ነው የሚጨፍረው። ይቀመጡ!»

«ሐዘንተኛ ብቻውን? አንቺን ሰው አልወለደሽም?»

«ይቀመጡ አልኩ እኮ!»

አዳራሹ በሙሉ ሰማ። እትዬ አስካለ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ተመለሱ። ሌሎቹም ተመለሱ።

ከማል ቆሞ ቀርቷል። ዘጠነኛውን ምት ይዤ እግሩ እስኪነሳ ጠበቅሁት። ጋሽ ታደሰ አንዷን ድምፅ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጎተተልኝ። ከዚያ እግሩ ተነሳ። ዞረ፣ በአንድ ጉልበቱ ወረደ፣ መሬቱን በመዳፉ ነካ፣ ተነሳ። ጨረሰ። ማንም አላጨበጨበም።

በራሱ እግር ሄዶ እትዬ አስካለ አጠገብ ተቀመጠ። «አሁን» አላቸው። ትከሻውን ይዘው ልቅሶውን አወጡት፤ ሴቶቹም አብረዋቸው። እኛ ዕቃችንን ሰበሰብን።

እትዬ አስካለ እስካሁን ሰላም አይሉኝም። እናቴ ሽማግሌ ልላክ ስትል «ምን ብለሽ? ነገም ቢሆን አስቀምጣቸዋለሁ» አልኳት።

ለአዲስ መቺዎች የምለው ይህን ነው፦ ቀርፋፋውን ዘጠኝ ስትመቱ ሥራችሁ ለአንድ ሰው ቦታ መጠበቅ ነው። የሚቀየማችሁ የምታከብሩት ሰው ሊሆን ይችላል። ምቱን አትልቀቁ።